በቀለበቱ መሃል የተገኘው

«ዋሸች አላልኩም፤ እጇ ጥንቁቅ አይደለም ነው ያልኩት» አለ ፕሮፌሰሩ በስልክ። የቢሮው በር ማጠፊያው ከተበላሸ ዓመት ስላለፈው ገጠም ብሎ አይዘጋም፤ በኮሪደሩ የሚያልፍ ሁሉ፣ ፈለገም አልፈለገም፣ የሰውየውን ምስጢር ተካፍሎ ነው የሚያልፈው። ኬሚስቷ በአንድ እጇ ለፊርማ ያመጣችውን የዕቃ መጠየቂያ ወረቀት፣ በሌላው ትኩስ ሻይ የሞላ ኩባያ እንደያዘች ቀጥ ብላ ቀረች። «አንድ ጊዜ ብቻ መጣላት። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሦስት ጊዜ ሞክራ አንዴም አልተደገመም። ወይ የሌላ ሰው ብልቃጥ አንስታለች፣ ወይ የጻፈችውና የሠራችው ለየቅል ነው። አዎ፣ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወርጄ እነግራታለሁ፤ ሥራው ይዘጋል። እሷን ወደ ቀለም ፋብሪካው ሥራ አዛውራታለሁ። እዚያ ያን ያህል ጥንቃቄ አያስፈልግም።»

ከሁሉ ያንገበገባት የመጨረሻዋ ቃል ናት። በዚያ ሕንፃ ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ «እትዬ ቀስ በሉ» ነው የሚላት፤ ብልቃጥ ይዞ የሚጣደፍ ሰው ባየች ቁጥር ከአፏ የምትወጣ ቃል ስለሆነች። ፒፔት ስትይዝ ትንፋሿን ትውጣለች። ሚዛን ላይ ስትሠራ ጠረጴዛውን አትደገፍም። በስምንት ዓመት ውስጥ የሰበረችው አንድ ቢከር ብቻ ነው፣ እሱንም ሰው ገፍቷት ነው። አሁን እንኳ ያን ሁሉ ጉድ ሰምታ ከኩባያው አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም። ይህን ያየላት ግን የለም። ወረቀቱን ሳታስፈርም ወደ ላቦራቶሪዋ ተመለሰች።

ሥራዋን ለዘመድ ማስረዳት ሁልጊዜ ይቸግራታል። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ፍዳው ነው የከበደው። ሦስት የዚንክና ሦስት የተርቢየም አተሞችን ወስዶ፣ በካርቦን ክንዶች አያይዞ፣ እንደ ቀለበት የሆነ አንድ ሞለኪውል ማድረግ ነው። ተርቢየም የሚባለው ብረት ብቻውን ሲሆን ደብዛዛ ነው፤ ክንዶቹ ለዓይን የማይታየውን ብርሃን ተቀብለው ሲያቀብሉት ግን በአረንጓዴ ደምቆ ይበራል። ያው ሞለኪውል እስከ ጥግ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ራሱን የቻለ ማግኔት ይሆናል፤ ያዞሩትን አቅጣጫ ይዞ ይቆያል። አንድ ቀን መረጃ በማግኔትነቱ ተጽፎበት በብርሃኑ ይነበባል የሚል ተስፋ አለ። ችግሩ፣ ብረቶቹ ወረቀት ላይ እንደተሣሉት አይቀመጡም። አንዱ ሲመጣ ሌላው ይሸሻል፤ በመጨረሻ ብልቃጡ ግርጌ የሚቀረው ነጭ ዱቄት ነው። ከስምንት ወር በፊት ግን አንድ ጊዜ ተቀመጡ። አንዲት የስኳር ፍሬ የምታህል ክሪስታል ወጣች፤ በኤክስሬይ ስትነሣ ቀለበቱ ወለል ብሎ ታየ። በቀለበቱ መሃል እሷ ያላሰበችው ባለ ሦስት ጫፍ ትንሽ ነገር ጉብ ብሎ ነበር። ፕሮፌሰሩ «ናይትሬት ነው» አለ፤ የተጠቀመችበት ጨው ናይትሬት ስለነበረው ማንም የሚለው ይህንኑ ነው። የኤሌክትሪክ ቻርጁ ድምር በአንድ አልገጥም እንዳላት ተናግራ ነበር። የሰማት የለም፣ እሷም አልገፋችበትም።

ያልገፋችበት የራሷ ምክንያት አላት። ያን ሰሞን ከግድግዳው ጀርባ የሚወጣና የሚወርደው ሊፍት ጠረጴዛውን ሁሉ ያንቀጠቅጥ ነበር፤ ክሪስታል ደግሞ ሲያድግ የሚነካካውን አይወድም። ሦስት ብልቃጥ ከተበላሸባት በኋላ አራተኛውን በወፍራም ካልሲ ጠቅልላ፣ በቦርሳዋ ይዛ ቤት ወሰደችው። አንድም ኬሚካል ከሕንፃው እንዳይወጣ በሩ ላይ በቀይ ተጽፏል። ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያው ካልሲ መልሳ አመጣችውና የሥራ ደብተሯ ላይ «ቁም ሣጥን ቁጥር አራት» ብላ ጻፈች። እዚያ ደብተር ላይ ያለው ውሸት ይኸው አንድ መስመር ነው፤ መሃሉ ላይ ያለውን ነገር መቆፈር ብትጀምር፣ ይችም መስመር ተቆፍራ መውጣቷ ነው። ስለዚህ ዝም አለች፤ አልደገም ባላት ቁጥርም ጥንቃቄዋን እያባሰች ሄደች። ክዳኑን በሰም አሸገች። ቀጥላ አየር ሽው እንዳይልባት ናይትሮጅን በተሞላ ሣጥን ውስጥ መሥራት ጀመረች። ሃያ ሦስት ብልቃጥ፣ ሃያ ሦስት ጊዜ ነጭ ዱቄት። ሊፍቱ እንኳ ተጠግኖ አደብ ገዝቷል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ማልቀስ አማራት፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ደግሞ አታለቅስም፣ ናሙና ላይ ጠብ ቢልስ። ጋዋኗን ሰቅላ በአውቶቡስ ወደ ቤቷ ሄደች። ቤቱ የእሷና የአባቷ ነው፤ እናቷ ካረፉ ቆይቷል። አባቷ ሰዓት ሠሪ ናቸው። አዲስ የባትሪ ሰዓት መግዛት አሮጌውን ከማስጠረግ በረከሰ ጊዜ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሱቃቸውን ዘግተው መሣሪያቸውን ወደ መኝታ ክፍላቸው አስገቡ። አሁን በመስኮቱ ሥር ባለች ጠረጴዛ የጎረቤቱን ሰዓት ሁሉ በነፃ ይፈታሉ፤ ያልተበላሸውንም ጭምር ይላል ሐሜተኛው። ግድግዳው ላይ አሥራ አንድ ሰዓቶች ቀጭ ቀጭ ይላሉ። ልጃቸው ማግኔት እንደምትሠራ መጀመሪያ የነገረቻቸው ዕለት «አርባ ዓመት ሙሉ ማግኔት ከሰዓት ሳስለቅቅ ኖሬ፣ የገዛ ልጄ ትሥራልኝ?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እንዲህ ያሉ ተጫዋች ሰው ናቸው፤ ነበሩ ማለት ይሻላል። ከቅርብ ወራት ወዲህ አንደበታቸው ተሳስሯል። «ደህና ዋልሽ?» ይሉና ወደ ብሎናቸው ያቀረቅራሉ። እሷ የሱቁ ናፍቆት ነው ብላ ሬዲዮ ገዛችላቸው። ሬዲዮኑን ፈትተው ገጠሙት እንጂ አልከፈቱትም።

«ምነው ዛሬ በቀን?» አሉ፣ አጉሊ መነጽሩን ከዓይናቸው ሳያወልቁ።

«ራበኝ» አለች። ሰው ፊት አንቱ ትላቸዋለች፤ ቤት ውስጥ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ አንተ ነው፣ እሳቸውም ይህን ይወዱታል። እንቁላል ጠበሱ፣ ቲማቲም ቆራረጡ፣ ዳቦውን ለሁለት ከፈሉት። ፊት ለፊት ተቀምጠው በሉ። ጨው አቀበለቻቸው፤ ውሃ ቀዱላት። የአውቶቡሱ ታሪፍ ጨመረ ወይ ብለው ጠየቁ፣ አልጨመረም አለች። ከዚያ ወሬው አለቀና ሰዓቶቹ ብቻ ያወሩ ጀመር። ድሮ ቢሆን እሳቸው እስኪናገሩ ትጠብቅ ነበር። ዛሬ ግን ሆድ ባሳት።

«አባዬ፣ ሥራዬ ዛሬ ይዘጋል።»

«የቱ? የማግኔቱ?»

«አዎ። አንዴ መጣ፣ ሁለተኛ እምቢ አለኝ። እጇ ጥንቁቅ አይደለም ተባልኩልህ።»

ሰዓት ሠሪው ሹካቸውን አስቀመጡ። ተነሥተው ሄዱና ታጥቦ የተደረደረውን ሳህን አንሥተው እንደገና ማጠብ ጀመሩ። ጀርባቸውን ሰጧት። ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል፤ ውሃ የሚያባክኑ ሰው ግን አይደሉም።

«ያንቺ እጅ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «የኔ ነው። ያ ብልቃጥሽ እዚህ የነበረ ጊዜ ክዳኑ ከውስጥ ላብ ይዞ ደበዘዘ። መስታወት ደብዝዞ ሳየው እንደማያስችለኝ ታውቂያለሽ። ከፈትኩት። እንደ ሰዓት መስታወት ሃ ብዬ ተነፈስኩበት፣ አንገቱንም ውስጡንም፣ ከዚያ በሰዓት መወልወያ ቆዳዬ ወልውዬ ዘጋሁት። በማግስቱም ደብዝዞ አገኘሁት። አንድ ቀን አይደለም ያደረግኩት። ኋላ በስልክ ስታወሪ ሰማሁሽ፤ መሃሉ ላይ እኔ ያላስገባሁት ነገር አለ፣ ቆሻሻ ሳይገባበት አይቀርም ስትዪ። ያ ቆሻሻ የኔ ነው፣ ልጄ። ልነግርሽ እነሣና አፌ ይያዛል። ስምንት ወር በሐሰት ነገር ስትለፊ እያየሁ ዝም አልኩሽ።»

መጀመሪያ የመጣላት ቁጣ ነው። «ስወጣ ስገባ ‘አትንካው’ ብዬህ ነበርኮ! ስንቴ ልበልህ?» ብላ ጮኸች፤ ሰውየው ትከሻቸው ወደ ውስጥ ገባ። ሁለተኛውን ቃል ልትወረውር አፏን እንደከፈተች እዚያው ቆመች። ትንፋሽ። ሰው የሚተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በዚያ ፈሳሿ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካርቦኔት ይሆናል። ካርቦኔት ደግሞ እንደ ናይትሬት ሦስት ጫፍ አለው፤ በኤክስሬይ ሁለቱን መለየት መንታ መለየት ነው፣ የሚለያቸው ቻርጃቸው ብቻ ነው። ያውም በአንድ። ሦስት ጫፍ፣ ለሦስት ተርቢየም። አለመግጠሙን ከመጀመሪያው ቀን ታውቀው ነበር።

«አባዬ» አለች፤ «ቆሻሻ አይደለም። ምሰሶው ነው። ብረቶቹ የተሰበሰቡት እሱን ይዘው ነው። እኔ ስምንት ወር ሙሉ በሩን ዘግቼ፣ ምሰሶውን ደጅ አስቀርቼ ነው ቤት ልሠራ የታገልኩት።»

እሳቸው የገባቸው ግማሹ ነው። «አልተበላሸም እያልሽኝ ነው?» አሉ። አላወቀችም፤ ሠርቶ ማየት ያስፈልጋል። ቦርሳዋን ስታነሣ እሳቸው ኮታቸውን ለበሱ፣ ክራባትም አሰሩ። ወዴት ነው ብትላቸው «አለቃሽ ዘንድ። ላጠፋው ሰው ጥፋቱን ተዪለት» አሉ፤ የሚመልሳቸው አልነበረም።

አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰብስበው፣ ሥራ ሊቀጠር እንደሚሄድ ሰው ቀጥ ብለዋል። እሷን ደግሞ አንድ ሐሳብ ያባብላት ጀመር። ለፕሮፌሰሩ «ካርቦኔት ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ» ብትል ይበቃታል። ብልቃጡ ቤት ነበር ማለት ለምን ያስፈልጋል? ማንም አያውቅም፤ እንዲያውም አስተዋይ ትባላለች። ቤት መውሰዷን ካመነች ግን ደብተሯ ላይ እንደዋሸች ማመኗ ነው፤ አንድ መስመር የዋሸ ሰው ደግሞ የቀሩትን ስምንት ዓመታት መስመሮች ማን ያምንለታል? ጠዋት እጇን ብቻ ነበር የተጠራጠሯት። ከሰዓት ቃሏንም ሊጠራጠሩ ነው። አባቷን ሰረቅ አድርጋ አየቻቸው። ክራባታቸው ተጣሟል። አቃናችላቸው፤ ስለ ሐሳቧ ግን ምንም አልነገረቻቸውም።

ላቦራቶሪ ሲደርሱ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። መከላከያ መነጽር አጠለቀችላቸውና ከፍ ያለ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻቸው። ፈሳሹን አዘጋጅታ ለሦስት ብልቃጥ ከፈለችው። የመጀመሪያውን እንደ ለመደችው በናይትሮጅን ሞልታ አሸገችው። ሁለተኛው ውስጥ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ራሷ ተነፈሰች። ሦስተኛውን ለአባቷ ሰጠቻቸው።

«ብዙ ነው ትንሽ?» አሉ።

«እንደዚያን ጊዜው።»

ክዳኑን ከፈቱ። ሃ እያሉ፣ ቀስ ብለው፣ በየመሃሉ እያረፉ ተነፈሱ፤ ከንፈራቸው የሆነ ነገር የሚያነበንብ ይመስል ነበር። ከዚያ መጠበቅ መጣ። ትልቅ ፍሬ ለማደግ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ነቁጥ ለማየት ግን፣ ቀለበቱ ከገጠመ፣ ሰዓታት ይበቃሉ። የሰዓት ሠሪን ያህል መጠበቅ የሚያውቅ የለም ይባል ይሆናል፣ ግን ውሸት ነው፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ላይ አረፈ። «ይሄ ወደ ኋላ ቀርቷል» አሉ። ተወው አለች። በርጩማው ላይ ሊቆሙ ሲሉ ደርሳ ያዘቻቸውና ሰዓቱን ራሷ አወረደችላቸው። በኪስ ቢላቸው ከፍተው ጠረጉት፣ አስተካክለው መለሱላት። ወደ ፊት የሄደው ሰባት ደቂቃ ነው።

«ከቀረችኝ ላይ ሰባት ደቂቃ ወሰድክብኝ» አለች።

«የሌለሽን ነው የወሰድኩብሽ» አሉ፤ ሁለቱም ሳቁ። እንዲህ አብረው ከሳቁ ስንት ጊዜያቸው ነው! ልቧ ሞቀ። ቀለም ፋብሪካም ብትላክ ይህን ሳቅ ይዛ እንደምትሄድ ለራሷ ነገረችው፣ ግን አልተጽናናችም። ቀለበቷን ትወደዋለች።

ፕሮፌሰሩ በተባለው ሰዓት ከች አለ። ብልቃጦቹ የማይታየውን ብርሃን ከሚሰጠው የአልትራቫዮሌት መብራት ሥር በጨርቅ እንደተሸፈኑ ናቸው፤ ፈርታ አላየቻቸውም። ክራባት ያሰሩ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲያይ ግራ ገባው፣ እጅ ነሣ፣ ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «እስኪ ተቀመጪ» አለ። አልተቀመጠችም። ባብሎ ሲያታልላት የዋለው ሐሳብ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ አባቷን አየች፣ ለአንድ ‘ሃ’ ስምንት ወር የታመሙትን ሰውዬ፣ ሐሳቡም አስጠላት።

«ፕሮፌሰር፣ መጀመሪያ እኔ ልናገር። ደብተሬ ላይ ቁም ሣጥን አራት ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። ብልቃጡን ቤት ወስጄዋለሁ። እዚያ ተከፍቷል፣ ትንፋሽም ገብቶበታል። መሃል ላይ ያለው ናይትሬት አይደለም፣ ካርቦኔት ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ሠርቼዋለሁ፣ ገና ግን አላየሁትም። ባይወጣም ይህን ማወቅ አለብዎት።»

«የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ጌታው» አሉ አባቷ ብድግ ብለው። «እሷ አትንኩ ብላኝ ነበር።»

ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አውልቆ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው የቀለበቱ ምስል ሄደ። መሃሉ ላይ አፍንጫውን ሊያስነካ ምንም አልቀረው። ጆሮው ሲቀላ ታየ። «ናይትሬት ነው ብዬ ፋይሉን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለ፤ «አንቺ ድምሩ አልገጠመም ብለሽኝ ነበር።» ከዚያ ራሱ ሄዶ የክፍሉን መብራት አጠፋ።

የአልትራቫዮሌቱን መብራት አበራች፤ ጨርቁን ገለጠች። የታሸገው ብልቃጥ ግርጌ ያው የምታውቀው ደብዛዛ ዱቄት ተኝቷል። ሁለቱ ግን፣ እሷ የተነፈሰችበትና አባቷ የተነፈሱበት፣ የመስታወቱን ግድግዳ ይዘው አረንጓዴ ነቁጦች ተሰክተውባቸዋል፤ ጥቃቅን፣ ጥርት ያሉ፣ ቦግ ያሉ። የአባቷ ይበዛሉ። ሰዓት ሠሪው ከኪሳቸው አጉሊ መነጽራቸውን አውጥተው፣ በመከላከያው ላይ ደርበው፣ ጎንበስ ብለው አዩ። ሲያዩ ትንፋሻቸውን ውጠው ነበር።

«ዕቃውን ከሕንፃው ስላወጣሽ፣ ስለ መስመሯም፣ ማስጠንቀቂያ እጽፍብሻለሁ» አለ ፕሮፌሰሩ በጨለማው ውስጥ። «ሥራው ግን አይዘጋም። ነገ ለኤክስሬይ ቀጠሮ እይዝልሻለሁ።» መብራቱን መልሶ አበራና ደብተሯን ከመደርደሪያ አውጥቶ ፊቷ ዘረጋው። ስለ ጠዋቱ ስልክ እሷም አላነሣችበት። «መስመሯን በአንድ ጭረት ሰርዣት፣ ከሥሯ እውነቱን ጻፊ፤ ስምሽንም ዛሬን ቀንም። ሌላ አገር ያለ ሰው አንብቦ እንዲደግመው አድርገሽ። ‘ትንሽ ተነፈሰበት’ ተብሎ ግን አይጻፍም። ስንት ጊዜ? በስንት ቀን?»

እስክሪብቶዋን አነሣች። «በግምት...» ብላ ጀመረች።

«አሥራ አራት» አሉ አባቷ።

ሁለቱም ወደ እሳቸው ዞሩ።

«በመጀመሪያው ጠዋት ስድስት፣ በማግስቱ አምስት፣ በሦስተኛው ቀን ሦስት። ሰዓቱ አንድ ተኩል፣ እሷ ከወጣች በኋላ። በአንዱና በአንዱ መካከል የአንድ ውልወላ ያህል ጊዜ። ክዳኑ የሚከፈተው ለሁለት ደቂቃ፣ ቢበዛ ሁለት ተኩል።»

ፕሮፌሰሩ ፈገግ አለ፤ ሽማግሌ አዋቂ ነኝ ሲል መስማት የለመደ ሰው ፈገግታ ነው። «አባት፣ ስምንት ወር አልፎታልኮ። እንዴት ይህን ያህል እርግጠኛ ሆኑ?»

ሰዓት ሠሪው መከላከያ መነጽሩን አወለቁ፤ በኮታቸው እጅጌ ሊወለውሉት ጀምረው ተዉት።

«ስምንት ወር ሙሉ ሌላ ምን ስቆጥር የኖርኩ ይመስልዎታል?» አሉ።

ፈገግታው ከፕሮፌሰሩ ፊት ላይ ጠፋ። ኬሚስቷ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ ስድስት፣ አምስት፣ ሦስት ብላ ጻፈች። ቀና ብትል ማልቀሷ ነው፣ ቀለሙ ደግሞ ገና አልደረቀም።